የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ የምርምር ሪፖዚተሪ ከዜሮ አቁሞ ማሳደግ፦ ከጅማ የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

ሪፖዚተሪ (የዩኒቨርሲቲው ቴሲስና አርቲክል ኦንላይን ተቀምጦ ሰው የሚያነብበት ማከማቻ) ክፈቱ ተብላችኋል እንበል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "የቱን ሶፍትዌር እንጫን?" ብሎ ነው፣ እኔ ግን ከዛ አልጀምርም። ሶፍትዌሩን አንድ ጎበዝ የአይሲቲ ልጅ ይጭነዋል፣ ችግሩ ከዛ በኋላ ነው፣ ተመርቆ ሪባን ተቆርጦለት በዓመቱ ሃምሳ ፋይል እንኳን ሳይገባበት ቁጭ የሚል ሪፖዚተሪ ስንት አለ። ከባዱ ነገር ቴሲሱና አርቲክሉ ማንም ሳይለምን ሳይቋረጥ እንዲገባ ማድረግ ነው። ስለዚህ ስለ ሰርቨር ትንሽ፣ ስለ ሰውና ስለ ወረቀት ብዙ ነው የማወራው። ምሳሌዎቼ የጅማ ናቸው፣ ግን ቦንጋም ሚዛን ቴፒም መቱም ያላችሁ ያው ነው፣ ዝናቡም የመብራቱ ነገርም አይለያይም። ዓመት ስጠቅስ እ.ኤ.አ. ነው፣ አዋጆቹ ላይ ያለው ግን በእኛ አቆጣጠር ነው።

1. አለቃ ጋር ከመግባታችሁ በፊት

"ለምን ያስፈልጋል?" ለሚለው መልስ ይዛችሁ ግቡ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1999 እ.ኤ.አ. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ነው የተፈጠረው፣ የግብርናው ደግሞ ከ1952 ጀምሮ የነበረ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያ ስለ ወባ የተሰራው፣ ማናና ጎማ ወረዳዎች ላይ ስለ ቡና የተጻፈው፣ ተማሪው በማህበረሰብ ተኮር ፕሮግራሙ ቤት ለቤት ዞሮ የሰበሰበው ምናምን ሁሉ ሼልፍ ላይ ከተቀመጠ ማን ያየዋል? ጥናቱን የሚፈልገው እኮ አጋሮ ጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያ ነው፣ መልኮ የምርምር ማዕከል ያለ የቡና ተመራማሪ ነው፣ እነሱ ደግሞ ለአንድ ቴሲስ ብለው ላይብረሪ ድረስ አይመጡም። ኦፕን አክሰስ ማለት እነዚህ ሰዎች ሳይከፍሉ፣ ፓስወርድ ሳይጠየቁ፣ ስልካቸው ላይ ከፍተው ማንበብ ሲችሉ ነው። በ2002 የወጣው የቡዳፔስት መግለጫ ለዚህ ሁለት መንገድ አስቀምጧል፣ ወይ ጆርናሉ ራሱ ክፍት ይሆናል፣ ወይ ደራሲው ኮፒውን ሪፖዚተሪ ውስጥ ያስቀምጣል። የእኛ ስራ ሁለተኛው ነው፣ ደራሲው አምስት ሳንቲም አያወጣም፣ ይሄን ለፋይናንሱ ሰው ደግማችሁ ንገሩት።

ሌላው በእጃችሁ መኖር ያለበት ብሔራዊው ፖሊሲ ነው። የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር (አሁን ትምህርት ሚኒስቴር ውስጥ ገብቷል) በመስከረም 2019 እ.ኤ.አ. የኦፕን አክሰስ ፖሊሲ አውጥቷል፣ በመንግሥት ገንዘብ የተሰራ ምርምር ናድሬ በሚባለው ብሔራዊ ሪፖዚተሪ ውስጥ መግባት አለበት ይላል፣ ተመራማሪውም የዳታ ማኔጅመንት ፕላን (ዳታው እንዴት እንደሚያዝ የሚያሳይ እቅድ) ለምርምር ቢሮና ለላይብረሪ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ላይብረሪ የሚለው ቃል እዛ ውስጥ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፣ "ይሄ የአይሲቲ ስራ ነው" ለሚል ሰው መልሱ እሱ ነው። ሰርቨሩን አይሲቲ ይጠብቅ፣ ባለቤቱ ግን ላይብረሪው ይሁን፣ ይሄ ካልተለየ ሲበላሽ ሁለቱም ወገን "የእነሱ ነው" ይላል።

2. የሴኔት ውሳኔ፣ አጭርና ጥርስ ያለው

ሃያ ገጽ ፖሊሲ አትጻፉ፣ ማንም አያነበውም። ሁለት ገጽ ይበቃል፦ ማን ያስገባል፣ መቼ፣ የትኛውን ቨርዥን፣ እስከ መቼ ተዘግቶ መቆየት ይቻላል፣ በየትኛው ላይሰንስ ይወጣል፣ አንድ ሰው "ይነሳልኝ" ቢል ማን ይወስናል። ዋናው ግን ጥርሱ ነው። "መምህራን እንዲያስገቡ ይበረታታሉ" የሚል ዓረፍተ ነገር ዋጋ የለውም፣ ማንም ተበረታቶ አያስገባም። የቤልጂየሙ ሊየዥ ዩኒቨርሲቲ ኦርቢ የተባለውን ሪፖዚተሪውን በ2008 ሲከፍት የወቅቱ ሬክተር በርናርድ ሬንቲየ የወሰዱት እርምጃ ቀላል ነበር፣ ለእድገትና ለግምገማ የሚታየው ሪፖዚተሪው ውስጥ ያለ ስራ ብቻ ነው አሉ፣ በቃ ሰዉ አስገባ። እኛም ጋር መምህሩ የግድ የሚያልፍበት በር ፕሮሞሽን ነው፣ ተማሪው የግድ የሚያልፍበት ደግሞ ክሊራንስ። ሁለቱን በር ካገኛችሁ ሪፖዚተሪው በራሱ ይሞላል፣ ካላገኛችሁ ግን ስትለምኑ ትኖራላችሁ።

3. ክሊራንሱ ላይ ቁጭ በሉ

ይሄ ክፍል ረዘም ይላል ምክንያቱም ስራው እዚህ ነው ያለው።

ተመራቂው ላይብረሪ ሳይፈርምለት ዲግሪውን አይወስድም፣ ይሄ ድሮም ያለ አሰራር ነው፣ እናንተ የምትጨምሩት "መጽሐፍ መልሷል" ከሚለው ጎን "ሶፍት ኮፒ አስገብቷል" የሚል መስመር ብቻ ነው። ከሬጅስትራርና ከድህረ ምረቃ ቢሮ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ቅጹ ላይ ካልታተመ በቃል አይሰራም።

አሁን ካውንተሩን አስቡት። የምረቃ ሰሞን ነው፣ ሰልፉ ኮሪደር ደርሷል፣ ተማሪው ሻንጣው ደጅ ነው፣ መናኸሪያ መኪና እየጠበቀው ነው፣ ፍላሹን ይሰጣችኋል። ውስጡ ቫይረስ አለ፣ ፋይሉ "ፋይናል ፋይናል የመጨረሻ 3" ነው የሚለው፣ ያውም ወርድ ነው፣ ያውም ዲፌንስ ላይ ኤግዛሚነሩ ያስተካክል ያሉት አልተስተካከለም። እዛ ሰዓት ላይ መጨቃጨቅ አይቻልም። መፍትሄው ወር ቀደም ብሎ በየዲፓርትመንቱ ቴሌግራም ግሩፕ አንድ ገጽ ማስታወቂያ መልቀቅና ፍላሽ መቀበል ጨርሶ መተው ነው፣ ኦንላይን ፎርም ይሙላ፣ ፋይሉን እዛው ይጫን፣ ካውንተር ላይ የሚመጣው ለቼክ ብቻ ይሁን።

ቼኩ እንዲህ ነው። ፒዲኤፉን ክፈቱ። መጀመሪያ የሽፋኑ ስምና ርዕስ ፎርሙ ላይ ከሞላው ጋር አንድ መሆኑን እዩ። ከዛ መሀል ገጽ ሂዱና አንድ ቃል ፈልጉ፣ ካላገኘው ፋይሉ ፎቶ ነው ማለት ነው፣ የታተመውን ስካን አድርጎት ነው፣ መልሱለት፣ ከወርድ በቀጥታ ሴቭ አድርጎ ያምጣ። የአማርኛ ቴሲስ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉት። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከወጣ ዩኒኮድ (ኮምፒውተር ሁሉ የሚያውቀው የፊደል ኮድ) ነው፣ የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ከወጣ ግን በድሮ የግዕዝ ፎንት ነው የተጻፈው፣ ዓይን ላይ ያምራል እንጂ ጎግል አንዲት ቃል አያነብም። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፣ አሁንም ግን በድሮው ፎንት የሚያስተይብ አይጠፋም፣ ከተማ ውስጥ ያሉ የኮምፒውተር ጽህፈት ሱቆች በለመዱት ነው የሚጽፉት። ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ "በዩኒኮድ ይተየብ" ብላችሁ ከዓመቱ መጀመሪያ አስገቡት፣ ምረቃ ሰሞን ከሆነ ልጁን ዳግም ተይብ ማለት ግፍ ነው።

የጸደቀበት ገጽ ላይ የአድቫይዘሩና የኤግዛሚነሮቹ ፊርማ አለ። እኔ የምመክረው ፊርማ ያለበትን ገጽ ለላይብረሪው ፋይል ለብቻ ተቀብሎ ሕዝብ በሚያየው ኮፒ ላይ ስም ብቻ ያለበትን ገጽ ማስገባት ነው፣ የሰው ፊርማ ኢንተርኔት ላይ መበተን ጥሩ አይደለም።

4. መብትና ምስጢር

በቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 መሰረት ስራው የደራሲው ነው። ላይብረሪው መብቱን አይወስድም፣ ማስቀመጥና ማሳየት የሚያስችለውን ፈቃድ ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ተማሪው ነገ አርቲክል አድርጎ ማሳተም ይችላል፣ ይሄ ፎርሙ ላይ በግልጽ ይጻፍ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚፈሩት እሱን ነው። ላይሰንስ ክሬቲቭ ኮመንስ (ሌላ ሰው ስራውን እንዴት መጠቀም እንደሚችል የሚገልጹ ዝግጁ ፈቃዶች) ምረጡ፣ ስም ጠቅሶ መጠቀም የሚፈቅደው ሲሲ ባይ 4.0 ለብዙው ይሆናል። አርቲክል ላሳትም ነው የሚል ካለ ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት ፋይሉን ዝጉለት፣ ርዕሱና አብስትራክቱ ግን ይታይ።

የመምህራን አርቲክል ላይ ነገሩ ይለያል። ጆርናሉ በክፍት ላይሰንስ ካወጣው ችግር የለም፣ የታተመውን ፒዲኤፍ ጫኑ። ዝግ ጆርናል ከሆነ ግን የታተመውን መጫን ብዙ ጊዜ አይፈቀድም፣ የሚፈቀደው ሪቪው አልፎ ተቀባይነት ያገኘው፣ ገና በጆርናሉ ዲዛይን ያልተሰራው ወርድ ፋይል ነው። የትኛው ጆርናል ምን እንደሚፈቅድ ኦፕን ፖሊሲ ፋይንደር (ድሮ ሸርፓ ሮሚዮ ይባል የነበረው ድረ ገጽ) ላይ ስሙን አስገብታችሁ ታያላችሁ። መምህሩ ያንን ወርድ ፋይል አስቀምጦ እንዳይጠፋበት "ተቀብለንሃል የሚል ኢሜይል የመጣላችሁ ቀን ለእኛ ፎርዋርድ አድርጉ" በሉ።

አባሪዎቹን ደግሞ ገልጣችሁ እዩ፣ የቃለ መጠይቅ ተሳታፊ ስምና ስልክ ቁጥር፣ የበሽተኛ ካርድ ቁጥር፣ ፊት የሚታይበት ፎቶ ሊኖር ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይሄ የስነ ምግባር ጉዳይ ብቻ አይደለም። እንዲህ አይነት ነገር ካለ ተማሪው አጥፍቶ ያምጣ፣ እናንተ አትነካኩት።

5. ሶፍትዌሩ

ብዙ ሳልቆይበት ልለፍ። ዲስፔስ የሚባለውን የሪፖዚተሪ ሶፍትዌር ኤምአይቲና ኤችፒ ሆነው በ2002 አወጡት፣ ነጻ ነው፣ ጅማም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የሚጠቀሙት እሱን ነው፣ ስለዚህ ስትቸገሩ የምትደውሉለት ሰው አገር ውስጥ አለ፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ምክንያት ይሄ ነው። የሳውዛምፕተኑ ኢፕሪንትስም ጥሩ ነው፣ ግን እዚህ የሚያውቀው ሰው ያንሳል። አዲስ የምትጭኑ ከሆነ ከ7 በታች ያለውን ቨርዥን እንዳትነኩ፣ ከ7 ጀምሮ ፊት ለፊት የሚታየው ክፍልና ከኋላ ያለው ተለያይቶ ነው የሚጫነው፣ ራም ይበላል፣ 16 ጊጋ ስጡት። ዳታቤዙ ፖስትግረስ፣ መፈለጊያው ሶላር ነው። ዲዛይኑን ለማሳመር ኮዱን አትጎርጉሩ፣ ሎጎና ቀለም ቀይራችሁ ተዉት፣ አለበለዚያ አዲስ ቨርዥን ሲመጣ ማሻገር ያቅታችኋል።

አድራሻው በዩኒቨርሲቲው ዶሜይን ስር ይሁን፣ ኤችቲቲፒኤስ ይኑረው፣ ሀንድል የሚባለውን ቋሚ ሊንክ ከመጀመሪያው አስመዝግቡ። ሀንድል በየዓመቱ በዶላር ትንሽ ክፍያ አለው፣ የገንዘቡ ማነስ አያታላችሁ፣ ከዚህ ሆኖ ዶላር መላክ ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ስለሆነ ከግዢ ጋር ቀድማችሁ ጀምሩት።

ሰርቨር የሌላችሁ ወይም መብራቱ የማያስተማምን ቦታ ያላችሁ ደግሞ አትቀመጡ፣ ሰርን (የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል) በ2013 የከፈተው ዜኖዶ የሚባል ኦንላይን ሪፖዚተሪ ላይ የዩኒቨርሲቲያችሁን ኮሚዩኒቲ (የራሳችሁን ክፍል) ክፈቱ፣ ነጻ ነው፣ ለአንድ ሪከርድ እስከ 50 ጊጋ ይቀበላል፣ ዲኦአይም (ለእያንዳንዱ ስራ ቋሚ መለያ) ይሰጣል። በኋላ የራሳችሁን ስታቆሙ ሜታዳታውን (ስለ ፋይሉ የሚገልጸውን መረጃ፣ ርዕስ፣ ደራሲ ምናምን) ማውረድ ይቻላል።

6. ሜታዳታ፣ ሰው የሚሰላችበት ግን ሁሉም ነገር የቆመበት

ደብሊን ኮር የሚባለው የሜታዳታ ስታንዳርድ 15 መሰረታዊ ሳጥኖች አሉት፣ ርዕስ፣ ደራሲ፣ ቀን፣ ቋንቋ ወዘተ። ቀላል ይመስላል። ሶስት ሰው ሶስት አይነት ከሞላው ግን እርጥብ ቡና ከደረቅ ጋር እንደመቀላቀል ነው፣ በኋላ ለቀማው አያልቅም። እኛ አገር የሚያጣሉት ሶስት ነገሮች ናቸው።

ስም። ሲስተሙ የቤተሰብ ስም አምጡ ይላል፣ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ጫልቱ የምትባል ተመራማሪ አለች እንበል፣ አንዱ ጆርናል በአባቷ ስም ይጠራታል፣ ሌላው በአያቷ፣ ዲፓርትመንቷ ራሷን ጫልቱን መጨረሻ ላይ ያደርጋታል፣ በቁቤ ስትጽፈው ደግሞ በሲ ይጀምራል፣ በእንግሊዝኛው ልማድ በሲኤች፣ በቃ አንድ ሰው አራት ሰው ሆነች። የእኔ ምክር የአባትን ስም በቤተሰብ ስም ሳጥን፣ የራሷንና ካስፈለገ የአያቷን በሌላው አስገቡ፣ ሳይቴሽን ላይም በብዛት የሚሄደው እንደዛ ነው። ከዛ መምህር ሁሉ ኦርኪድ የሚባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥር ያውጣ፣ 16 አሃዝ ነው፣ ነጻ ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ስሙ አስር ዓይነት ቢጻፍም ሰውየው አንድ መሆኑን ይነግራል።

ዓመተ ምህረት። ሽፋኑ ላይ 2012 ይላል፣ የማን 2012? የአማርኛና የኦሮምኛ ቴሲሶች ብዙ ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፣ የእንግሊዝኛዎቹ በፈረንጅ። ሳይቀይሩ ካስገቡት በ2020 የተሰራ ጥናት የስምንት ዓመት አሮጌ ሆኖ ይታያል። ቀን ሳጥን ውስጥ ሁሌ እ.ኤ.አ. ይግባ፣ የእኛው ደግሞ ማብራሪያ ላይ ይጻፍ። ወሩን አትርሱ፣ ከመስከረም እስከ ታህሳስ ያለው በ7፣ ከጥር በኋላ ያለው በ8 ነው የሚደመረው (ታህሳስ መጨረሻ ላይ ያለውን ካላንደር ላይ አይታችሁ ወስኑ)።

ሦስተኛው የቦታ ስምና ቋንቋ ነው። የወረዳና የቀበሌ ስም በቁቤና በድሮው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይለያያል፣ ኪይወርድ ላይ ሁለቱንም አስገቡ፣ ፈላጊው የቱን እንደሚጽፍ አታውቁም። የአማርኛና የኦሮምኛ ቴሲስ ርዕስ በራሱ ቋንቋ ዋናው ይሁን፣ እንግሊዝኛው አማራጭ ርዕስ ላይ ይግባ፣ አብስትራክት በሁለቱም ካለ ሁለቱም ይግባ። ይሄን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ካታሎገሩ ጠረጴዛ ላይ ለጥፉት፣ ሶስት ደረጃም ይኑር፣ የሚያስገባ፣ የሚያይ፣ የሚያጸድቅ፣ ሰው ከሌለ ቢያንስ የሚያስገባውና የሚያጸድቀው አንድ ሰው አይሁን።

ኮሚዩኒቲና ኮሌክሽን (ዲስፔስ ውስጥ ዋናው ክፍልና ከስሩ ያለው ንዑስ ክፍል) አከፋፈል ላይ አትጠበቡ። ኮሌጅ፣ ከስሩ የስራ ዓይነት (ቴሲስ፣ አርቲክል፣ ሪፖርት)፣ በቃ። በየዲፓርትመንቱ ከሸነሸናችሁት ዲፓርትመንት ስሙ በተቀየረ፣ በተዋሃደ፣ በተከፈለ ቁጥር እናንተ ስታዛውሩ ትኖራላችሁ።

7. የድሮው ክምችት

ሁሉንም ስካን እናድርግ ብላችሁ እንዳትነሱ፣ ማሽኑም ሰዉም ይደክማል። የውሰት ደብተሩን አውጡ፣ ተማሪ ደጋግሞ የሚጠይቀው የቱ ነው? ከእሱ ጀምሩ። 300 ዲፒአይ በቂ ነው፣ ጥቁርና ነጭ ወይም ግራጫ፣ ከለር ለካርታና ለፎቶ ብቻ። ከዛ ኦሲአር (የስካኑን ፎቶ ወደ ጽሑፍ መቀየር)፣ ቴሰራክት የሚባለው ነጻ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል፣ ፍጹም አይደለም፣ ግን ከምንም ይሻላል። ፋይሉን 5 ሜጋ ውስጥ አስገቡት፣ ጎግል ስኮላር ከዛ በላይ የሆነ ፒዲኤፍ አይወስድም፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ደራሲው የት እንዳለ ካልታወቀ የሴኔቱ ፖሊሲ የሚለውን ተከትላችሁ፣ "ባለቤቱ ከጠየቀ እናነሳለን" የሚል ማስታወቂያና የላይብረሪውን ኢሜይል ግልጽ ቦታ ላይ አድርጉ። መቶዎች ፋይል ሲሆን አንድ በአንድ አትጫኑ፣ ኤክሴል ላይ ሞልታችሁ በባች የሚገባበት መንገድ ዲስፔስ አለው።

8. ዓለም እንዲያገኘው

ኦኤአይ ፒኤምኤች የሚባለውን በር ክፍት አድርጉ፣ ሌሎች ሲስተሞች ሜታዳታችሁን የሚለቅሙበት ነው። ከዛ ኦፕንዶር የሚባለው የሪፖዚተሪዎች ማውጫ ላይ ተመዝገቡ፣ ቤዝና ኮር የሚባሉት የምርምር መፈለጊያዎች ላይም፣ ናድሬ ጋርም ተነጋገሩ። ጎግል ስኮላር የሚያየው የገጹን ውስጣዊ ታግ ነው፣ ዲስፔስ ያዘጋጀዋል፣ እናንተ ሳይትማፑ (የገጾቹ ዝርዝር) መስራቱንና ሮቦትስ የሚባለው፣ ለመፈለጊያዎች የት ግቡ የት አትግቡ የሚል ፋይል በስህተት ሁሉንም አለመከልከሉን ብቻ አረጋግጡ። ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ የአንድ ቴሲስ ሙሉ ርዕስ በትምህርተ ጥቅስ አድርጋችሁ ፈልጉ፣ ካልመጣ አንድ ነገር ተዘግቷል።

ሰሞኑን ደግሞ የኤአይ ቦቶች (ለኤአይ ዳታ የሚለቅሙ ፕሮግራሞች) ነገር አለ፣ በብዛት እየመጡ ሪፖዚተሪዎችን ያጨናንቃሉ፣ ሰርቨሩ ሲንቀረፈፍ መጀመሪያ ሎጉን እዩ። ፍጥነታቸውን ገድቡ እንጂ ሁሉንም በጅምላ አትዝጉ፣ ጎግልንም አብራችሁ ታጠፉታላችሁ። የዳውንሎድ ቁጥር ለአለቃ ስታቀርቡም ቦት ተቀንሶ ይሁን።

9. መምህራኑ

"ግቡና አስገቡ" አትበሏቸው፣ አያስገቡም፣ ክፋት ሆኖ አይደለም፣ ኮርስ አለባቸው፣ አድቫይዚንግ አለባቸው። "ዶክተር፣ ሲቪዎን ይላኩልን፣ እኛ እንሰራዋለን" በሏቸው። ላይብረሪው የጆርናሉን ፈቃድ ያጣራል፣ ይጭናል፣ ሊንኩን ይልክላቸዋል፣ ያንን ሊንክ ለፕሮሞሽን ፋይላቸው ይጠቀሙበታል። ከየኮሌጁ ሰው የሚያከብረውን አንድ ሲኒየር ቀድማችሁ ያዙ፣ የእሳቸው ገጽ ሞልቶ ሲታይ ሌላው ራሱ ይመጣል። የዲፓርትመንት ስብሰባ ላይ አስር ደቂቃ ለምኑ፣ ፓወርፖይንት አትያዙ፣ የእነሱኑ ኮሌክሽን ከፍታችሁ የትኛው ጥናት ከየት አገር እንደወረደ አሳዩ።

"ክፍት ከሆነ ይሰርቁኛል" የሚል ሁሌ አለ። እውነቱ ግን ሼልፍ ላይ ያለውን ነው መስረቅ የሚቀለው፣ ማን ያውቃል? ክፍት የሆነው ቀኑ ተመዝግቦ፣ ጎግል አውቆት፣ የፕላጃሪዝም ሶፍትዌር ሊያገኘው የሚችል ነው።

10. እንዳይጠፋ

ባክአፕ ማለት ዳታቤዙም ፋይሎቹ ያሉበት አሴትስቶርም አብረው ማለት ነው፣ አንዱ ብቻውን ምንም አይሰራም። ሶስት ኮፒ ይኑር፣ አንዱ ዋናው ግቢ፣ አንዱ ሌላ ግቢ፣ ለምሳሌ ቂጦ ፉርዲሳ፣ አንዱ ከጅማ ውጭ። በየጊዜው አንዱን ኮፒ ሌላ ማሽን ላይ መልሳችሁ ክፈቱት፣ ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ ባክአፕ አይባልም። ዩፒኤስ ሰርቨሩን በሰላም ለማጥፋት የሚበቃ ይሁን፣ ክረምት ላይ መብራት ሄድ መጣ ሲል ቶሎ የሚጎዳው ዳታቤዙ ነው።

አድሚኑ ደግሞ ሁለት ሰው ይሁን። አንዱ ሚስጥሩን ሁሉ ይዞ ስኮላርሺፕ አግኝቶ ይሄዳል፣ መልካም መንገድ፣ ግን ዶሜይኑም ሀንድሉም ዜኖዶውም በግል ጂሜይሉ ከተከፈተ እናንተ በር ላይ ቀራችሁ። ሁሉም አካውንት በላይብረሪው የስራ ኢሜይል ይከፈት፣ ፓስወርዱ ታሽጎ ዳይሬክተሩ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ፣ አንድ ሰው ሲለቅ ክሊራንሱ ላይ የሪፖዚተሪ አካውንት አስረክቧል የሚል መስመር ለእሱም ይጨመርለት።